የአባልነት ቅጹ የማያውቀው ሠራተኛ

የአንድን የሠራተኛ ማህበር የአባልነት ቅጽ አንሥታችሁ ተመልከቱ። ብዙውን ጊዜ አንድ ገጽ ነው፤ ሙሉ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ቋሚ አድራሻ፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ የሥራ መደብ፣ የቅጥር ቀን፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ መዋጮ ከደመወዝ እንዲቆረጥ የተሰጠ ፈቃድ፣ ፊርማ። በገዛ አገሩ ለሚሠራ ሰው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ከሌላ አገር ለመጣው ሠራተኛ ግን እያንዳንዱ መስመር ያስቆመዋል። መታወቂያው አሠሪው ዘንድ ነው፤ ቁጥሩን በቃሉ አያውቀውም። የሚያድረው ኩባንያው በተከራየው ክፍል ውስጥ ስምንት ሆኖ ነው፤ ታዲያ ቋሚ አድራሻ ብሎ ምን ይጻፍ? የመሥሪያ ቤቱ ስም ሲባል ደግሞ የሥራ ፈቃዱ ላይ ያለው ስም ሌላ ነው፣ ደመወዝ የሚከፍለው ሌላ፣ የሚሠራበት ግቢ በር ላይ የተጻፈው ሌላ። ፈቃዱ "ሹፌር" ይላል፤ እሱ የሚሠራው ብሎኬት ማቀበል ነው። ደመወዙን በእጁ ይቀበላል። "ከደመወዜ ይቆረጥ" ብሎ ከፈረመ ደግሞ ስሙ በዝርዝር ሆኖ የአሠሪው ሒሳብ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ያርፋል።

ስለ ስደተኛ ሠራተኞች (በመንግሥት ሰነዶች "ፍልሰተኛ" የሚባሉት) እና ስለ ማህበር ሲወራ ቶሎ የሚመጣው አባባል "እነሱ ማህበር አይፈልጉም፤ ገንዘብ ሰብስበው መሄድ ነው የሚፈልጉት" የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ደመወዝ ሲዘገይ በአንድ ሌሊት አንድ የሠራተኛ ማደሪያ ካምፕ ሙሉ ሥራ የሚያቆሙት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። የመሰባሰብ ፍላጎት አላጡም። የጠፋው ከዚህ ፍላጎት ጋር የሚገጥም ማህበር ነው። ማህበር እንደ ተቋም የተሠራው ለሚቆይ ሰው ነው፤ የስደተኛው መቆየት ደግሞ በአሠሪው እጅ ነው። እንቅፋቶቹን አንድ በአንድ ስታዩዋቸው አብዛኞቹ ከዚህ ይመነጫሉ።

መቀላቀል፣ መምረጥ፣ መመረጥ፣ ማቋቋም

ከሕጉ እንጀምር። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1948 የወጣው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 87 ሠራተኞች ያለ ምንም ልዩነት፣ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ሳያስፈልጋቸው፣ የመረጡትን ማህበር ማቋቋምና መቀላቀል ይችላሉ ይላል። ዜግነትም የመኖሪያ ወረቀትም ልዩነት መፍጠሪያ ሊሆኑ አይገባም፤ የድርጅቱ የመደራጀት ነፃነት ኮሚቴም እንዲህ ነው የሚተረጉመው። በ1949 የወጣው ቁጥር 97 በሕጋዊ መንገድ የገባ ስደተኛ በማህበር አባልነት ከዜጋው እኩል እንዲታይ ያዝዛል። በ1990 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የስደተኛ ሠራተኞች ስምምነት ውስጥ ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ስንጥቅ አለ። አንቀጽ 26 ወረቀት የሌለውም ሠራተኛ ጭምር ማህበር የመቀላቀል መብት ይሰጣል። ማህበር የማቋቋም መብት የሚገኘው ግን አንቀጽ 40 ላይ ነው፤ እሱም ወረቀት ላላቸው ብቻ ነው።

ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አይደለም። ስለ አንድ አገር ሕግ "ስደተኞች መደራጀት ይፈቀድላቸዋል" ሲባል አራቱን ነገሮች ለይታችሁ ጠይቁ፤ መቀላቀል ይችላሉ ወይ፣ ድምፅ መስጠት ይችላሉ ወይ፣ መመረጥ ይችላሉ ወይ፣ ራሳቸው ማቋቋም ይችላሉ ወይ። ታይላንድን ውሰዱ። በ1975ቱ የሥራ ግንኙነት ሕግ ስደተኛ አባል መሆን ይችላል፤ መሥራቾቹና የሥራ አመራር አባላቱ ግን የታይላንድ ዜጎች መሆን አለባቸው፤ ማህበሩን ለማስመዝገብ ቢያንስ 10 መሥራች ያስፈልጋል። አንድ የባሕር ምግብ ማቀነባበሪያ ውስጥ ሠራተኞቹ ከሞላ ጎደል ከበርማ የመጡ ከሆኑ የሚቀላቀሉት ማህበር የለም፣ ሊያቋቁሙትም አይችሉም። በወረቀት ያላቸው መብት የሚያርፍበት ቦታ የለውም።

ኳታር በ2004 ባወጣችው ሕግ የሠራተኞች ኮሚቴ የሚቋቋመው ቢያንስ 100 ኳታራውያን ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ሲሆን፣ አባልነቱም ለእነሱ ብቻ ነው። የግንባታው ጉልበት በሙሉ ማለት ይቻላል ከውጭ የሚመጣ ሆኖ ሳለ ማለት ነው። የሊባኖስ የ1946 የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከነጭራሹ አውጥቷቸዋል፤ አንቀጽ 92 ደግሞ ሌሎቹ የውጭ አገር ሰዎች ማህበር ቢገቡም አይመርጡም፣ አይመረጡም ይላል። የኩዌት የ1964 ሕግ አንድ የውጭ አገር ሠራተኛ አባል ለመሆን አገሩ ውስጥ አምስት ዓመት እንዲቆይ ይጠይቅ ነበር፤ የሁለት ዓመት ውል ይዞ ለመጣ ሰው ይህ ከክልከላ አይለይም። በሳዑዲ ዓረቢያና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የሠራተኛ ማህበር የሚባል ነገር ለዜጋውም የለም። በዚያው አካባቢ ባሕሬን በ2002 ሕጓ ስደተኞች ማህበር እንዲቀላቀሉ ፈቅዳለች፤ ስለዚህ "በባሕረ ሰላጤው አይቻልም" ብሎ መደምደም ስህተት ነው።

ሕጉ የሚፈቅድባቸው አገሮችም ቢሆኑ መንገዱ ረጅም ነው። በደቡብ ኮሪያ ስደተኞች የራሳቸውን ማህበር በ2005 አቋቁመው ለምዝገባ አመለከቱ፤ የመንግሥት የሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ከአባላቱ ውስጥ ወረቀት የሌላቸው አሉ በማለት ከለከላቸው። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በሰኔ 2015 ወረቀት የሌለውም ሠራተኛ ሠራተኛ ነውና መደራጀት ይችላል ተብሎ እስኪወሰን 10 ዓመት ፈጀ፤ በእነዚያ ዓመታት ከማህበሩ መሪዎች ውስጥ ተይዘው ከአገር የተባረሩ አሉ። በአሜሪካ ደግሞ በ2002 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወረቀት የሌለው ሠራተኛ በማህበር ምክንያት በሕገ ወጥ መንገድ ቢባረርም ሳይሠራ ላሳለፈው ጊዜ ውዝፍ ደመወዝ አይከፈለውም ብሎ ወሰነ። መብቱ አልተነሣም፤ ለጣሰው አሠሪ ግን ጥሰቱ በጣም ረከሰ።

የሁለት ዓመት ሒሳብ

ማህበር ውስጥ ያሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የማያሰሉትን ሒሳብ እናስላ። አንድ ሰው የ24 ወር ውል ይዞ መጣ እንበል። ለደላላና ለኤጀንሲ፣ ለቲኬትና ለሕክምና ምርመራ የተበደረውን ለመመለስ ስምንት ወር ይፈጅበታል። በእነዚህ ስምንት ወራት ከሥራ ቢባረር ዕዳውን የሚከፍሉት ወላጆቹ ወይም መሬት ያስያዘለት ወንድሙ ናቸው፤ ስለዚህ ማንም ምንም ቢለው አይፈርምም። ከመጨረሻዎቹ ወራት አራቱ የውል ዕድሳት የሚጠበቅባቸው ናቸው፤ ያኔም አይፈርምም። የቀረው 12 ወር ነው። ከዚያ ውስጥ ቋንቋውን ለመልመድ፣ ማንን ማመን እንደሚቻል ለማወቅ፣ ማህበሩ ራሱ መኖሩን ለመስማት የሚፈጀውን ስትቀንሱ ወደ እሱ የሚያስገባው በር የሚከፈተው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። ማህበሩ በዓመት አንድ ጊዜ የአባላት ምዝገባ ዘመቻ የሚያካሂድ ከሆነ እነዚያን ወራት አያገኛቸውም።

ዕዳው ከሕጉ ይልቅ አፍ ይዘጋል ብል ማጋነን አይመስለኝም። የቅጥር ወጪን በሠራተኛው ላይ መጫን የሚከለክል ሕግ የማህበር ሕግ ተብሎ አይቆጠርም፤ እኔ ግን ከዋነኞቹ የመደራጀት ሕጎች አንዱ አድርጌ አየዋለሁ።

የመኖሪያ ፈቃዱ ከአንድ አሠሪ ጋር ሲታሰር ደግሞ ነገሩ ይጠብቃል። በዓረብ አገሮች ሠራተኛውን በአንድ አሠሪ ዋስትና ሥር የሚያስገባው፣ ከፋላ ተብሎ የሚታወቀው አሠራር ሁሉም የሚያውቀው ምሳሌ ነው፤ ነገር ግን ብቸኛው አይደለም። በካናዳ የወቅታዊ እርሻ ሠራተኞች ፕሮግራም አንድ ሰው በዓመት እስከ 8 ወር ሠርቶ ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ዓመት መጠራት አለመጠራቱ በአሠሪውና በላከው አገር እጅ ነው። በሆንግ ኮንግ ከ1987 ጀምሮ ውሏ የተቋረጠ የውጭ አገር የቤት ሠራተኛ አገሩን ለቅቃ እንድትወጣ የሚሰጣት ጊዜ ሁለት ሳምንት ነው። ዜጋው በማህበር ምክንያት ቢባረር ሥራውን ያጣል። ስደተኛው ግን በአንድ ደብዳቤ ሥራውን፣ አልጋውን፣ ፈቃዱንና የጀመረውን ክስ የሚከታተልበትን አገር አብሮ ያጣል።

ከዚህም የሚከፋው ደብዳቤ እንኳን አለማስፈለጉ ነው። ማባረር ማስረጃ ይተዋል፤ አለማደስ ግን ማስረጃ የለውም። አሠሪው "በሚቀጥለው ዓመት አልፈልገውም" ሲል ምክንያት እንዲሰጥ የሚያስገድደው የለም። በ2014 የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የሥራ ግንኙነት ቦርድ፣ የሜክሲኮ መንግሥት ባለሥልጣናት ማህበር ደግፈዋል የተባሉ የእርሻ ሠራተኞች ተመልሰው እንዳይመጡ አድርገዋል ሲል ወስኗል። ሠራተኛውን የከለከለው የገዛ አገሩ መንግሥት ነበር ማለት ነው። ላኪ አገር የተመደበለት የሠራተኛ ኮታ ለሌላ አገር እንዳይሰጥ ሲፈራ ዜጋውን ጸጥ ማሰኘት ይጀምራል፤ ስለዚህ "ኤምባሲህን አማክር" የሚለው ምክር ሁልጊዜ ደኅና ምክር አይደለም።

ከደመወዝ ላይ የምትቆረጠው መስመር

መዋጮ ብዙ ቦታ ከደመወዝ አንድ በመቶ አካባቢ ነው። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ብሩ አይደለም፤ መንገዱ ነው። አሠሪው ከፔሮል ላይ ቆርጦ ለማህበሩ ሲያስገባ ማህበሩ ሰብሳቢ አያስፈልገውም፣ ገቢው አይቋረጥም፤ ስለዚህ ማህበራት ይህን አሠራር ይወዱታል። የአንድ ሠራተኛ የደመወዝ ወረቀት ላይ ግን ምን እንደሚመስል ቀረብ ብላችሁ እዩት። መጀመሪያ መነሻ ደመወዝ፣ ቀጥሎ የትርፍ ሰዓት። ከዚያ ተቀናሾች፤ ማደሪያ፣ ትራንስፖርት፣ የሥራ ልብስ፣ ቅድሚያ የተወሰደ ገንዘብ፣ አንዳንዴም "ሌሎች" የምትል ማብራሪያ የሌላት መስመር። ወረቀቱ ሠራተኛው በማያነበው ቋንቋ ነው የተጻፈው። በእነዚህ አምስት መስመሮች ያለ ፈቃዱ ሲቆረጥበት የኖረ ሰው ስድስተኛ መስመር እንድትጨመርለት እንዲፈርም ነው የምትጠይቁት። ይህቺን ስድስተኛ መስመር ደግሞ ፎርማኑም፣ ሒሳብ ሠራተኛዋም፣ የካምፑ ኃላፊም ያያሉ።

ሌላው አማራጭ ባንክ ነው፤ ሒሳብ ከሌለው ወይም ካርዱ ሌላ ሰው እጅ ካለ አይሠራም። በእጅ መሰብሰብ የቀረው መንገድ ነው፤ እሱም ሕግ ይፈልጋል። ሰብሳቢው ሁለት ሰው ይሁን፤ ደረሰኙ ቁጥር ያለውና በሁለት ቅጂ ይሁን፤ ቀሪው ወደ ማህበሩ ጽሕፈት ቤት ይሂድ እንጂ ካምፕ ውስጥ አይቀመጥ። በእጅ የተሰበሰበ ገንዘብ አንድ ጊዜ ከጠፋ ያ ማህበር በዚያ ካምፕ ለዓመታት ስም አይኖረውም፤ ደላላው ከበላቸው ገንዘብ ጋር በአንድ መዝገብ ይጻፍበታልና። ሰዎቹ ለምን "ይህም ያው ነው" እንደሚሉ ለመረዳት ከባድ አይደለም።

የጥቅም መጠበቂያ ጊዜም አለ። ብዙ ማህበራት አንድ አባል የሕግ ድጋፍ ከማግኘቱ በፊት ጥቂት ወራት መዋጮ እንዲከፍል ይጠይቃሉ፤ በጀርመን ሦስት ወር የተለመደ ነው። ምክንያቱ ተገቢ ነው፤ ችግር ሲገጥመው ብቻ መጥቶ ከዚያ የሚጠፋ ሰው የሌሎቹን መዋጮ ይጨርሳል። ነገር ግን ለአራት ወር አዝመራ የመጣ ሠራተኛ ሦስቱን ወር ከጠበቀ የቀረው አንድ ወር ነው። የጀርመን የግንባታና የእርሻ ሠራተኞች ማህበር ለእንዲህ ዓይነት ሠራተኞች ለአንድ ዓመት ብቻ የሚቆይ፣ የሕግ ድጋፉም ሳይጠበቅ የሚጀምር አባልነት ከፈተ። ነገሩ ቀላል የደንብ ማሻሻያ ነው፤ ግን ደንቡን ማን ያወጣዋል? ጉባኤው። ጉባኤው ላይ የሚቀመጡት እነማን ናቸው? የቆዩት።

አስተርጓሚው ማን ነው?

ስለ ቋንቋ ሲነሣ በራሪ ወረቀት ተርጉሞ መበተን እንደ መፍትሔ ይወሰዳል። ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ ወረቀቱ የሚተረጎመው ወደ አገሩ የመንግሥት ቋንቋ ነው፤ ሠራተኞቹ ደግሞ አፍ የፈቱት በሌላ ሊሆን ይችላል፣ ማንበብም የማይችሉ ይኖራሉ። በስልክ ቡድን ውስጥ የሚላክ የሁለት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ከአራት ገጽ ጽሑፍ የበለጠ ይደርሳል፤ ከመካከላቸው አንዱ በሚያውቁት ዘዬ ከተናገረው ደግሞ ከዚያም የበለጠ። ሁለተኛው ይብሳል፤ አደራጁ ካምፕ ሲደርስ ቋንቋ የሚችል ሰው ይጠይቃል፣ የሚቀርብለትም ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቀው ፎርማን ወይም ሰዎቹን ያመጣው የደላላው ዘመድ ይሆናል። የተባለው ሁሉ በእሱ አፍ ያልፋል። "መብት አላችሁ" የሚለው "ተጠንቀቁ" ሆኖ ሊደርስ ይችላል። አስተርጓሚ ከውጭ ይዞ መሄድ ወጪ ነው፤ በዚህ ወጪ ላይ መቆጠብ ግን ሥራውን በሙሉ ከንቱ ያደርገዋል።

ሰዓቱም እንዲሁ። የማህበሩ ቢሮ ከሰኞ እስከ ዓርብ በሥራ ሰዓት ክፍት ነው። ሠራተኛው በአውቶቡስ ተወስዶ በአውቶቡስ ይመለሳል፤ በመካከል የሚወርድበት ፌርማታ የለም።

ከሁሉም የራቁት የቤት ሠራተኞች ናቸው። ማህበር ለመመሥረት 10 ወይም 20 ሰው ከአንድ ድርጅት እንዲፈርም የሚጠይቅ ሕግ አንድ ሠራተኛ ብቻ ባለችበት ቤት ምን ትርጉም አለው? በ2011 የወጣው የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189 የመደራጀት መብታቸውን በግልጽ አስቀምጧል፤ በ2013 ደግሞ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽናቸው ሞንቴቪዴዮ ላይ ተመሠረተ። በተግባር ግን ሁሉንም የሚወስነው አንድ ነገር ነው፤ የዕረፍት ቀኗን ከቤት ወጥታ ማሳለፍ ትችላለች ወይ? ሆንግ ኮንግ ውስጥ ሳምንታዊ የዕረፍት ቀን በሕግ አለ፤ እሑድ እሑድ አደባባይ የሚሰበሰቡት ሴቶች በየዜግነታቸው ማህበር አቋቁመዋል፤ በ2010 ደግሞ በፌዴሬሽን ተጣምረዋል። ቤይሩት ላይ በጥር 2015 የቤት ሠራተኞች በአንድ የሠራተኛ ፌዴሬሽን ጥላ ሥር ማህበራቸውን መሠረቱ፤ የሥራ ሚኒስቴሩ ሕገ ወጥ ነው አለ። ማህበሩን ያቋቋሙት ሴቶች ግን ነበሩ፤ መሥራች ጉባኤውም ተካሂዷል።

አለመተማመኑ ከሁለቱም ወገን ነው

ስደተኛው ከመጣበት አገር ስለ ማህበር ያለውን ትዝታ ይዞ ይመጣል። አንዳንዱ ማህበር የሚያውቀው የመንግሥት ክንፍ ሆኖ ነው፤ አንዳንዱ ጭራሽ አይቶት አያውቅም። የአገሬው ማህበራትም ታሪክ ንጹሕ አይደለም። የአሜሪካ የሠራተኛ ማህበራት በ19ኛው መቶ ዘመን ቻይናውያን እንዳይገቡ ከቀሰቀሱት ውስጥ ነበሩ። በ1986 ወረቀት የሌለውን የቀጠረ አሠሪ እንዲቀጣ የወጣውን ሕግ ትልቁ የማህበራት ኅብረት ደግፎት ነበር፤ ሕጉ አሠሪውን ከመቅጣት ይልቅ የሚደራጁ ሠራተኞችን ማስፈራሪያ ሆነና ኅብረቱ በ2000 አቋሙን ቀየረ።

"ደመወዛችንን ያወርዱብናል" የሚለው የዜጋ ሠራተኛ ስጋት ባዶ ነው ማለት ሐቀኝነት አይሆንም። አንድ ሰው እምቢ የማለት አቅም ከሌለው በዝቅተኛ ዋጋ ይሠራል፤ ዋጋውን የሚያወርደው ይህ ነው። ማህበሩ በሩን ሲዘጋ እምቢ የማይሉትን ቁጥር ይጨምራል። ስለዚህ ስደተኛውን ማስገባት ለእሱ የሚደረግ ውለታ ሆኖ መቅረቡ ያናድደኛል። የዜጋውንም ደመወዝ እንዳይወድቅ ከታች ይዞ የሚያቆመው የስደተኛው ደመወዝ ነው።

ቅጹን እንደገና መሥራት

ወደዚያች አንድ ገጽ ልመለስ። የመታወቂያ ቁጥር አስገዳጅ አይሁን፤ ስም፣ የትውልድ ዘመንና ፎቶ ይበቃሉ። "መሥሪያ ቤት" የሚለው ሦስት መስመር ይሁን፤ ፈቃዱ ላይ ያለው፣ የሚከፍለው፣ የሚሠራበት። ኋላ ጠበቃ የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ ንዑስ ተቋራጩ ሲጠፋ ዋናውን ተቋራጭ የሚይዘው ይህ ዝርዝር ነውና። ፈቃዱና ሥራው ካልተገጣጠመ ይመዝገብ፤ ግን ለአሠሪ በሚሄድ ወረቀት ላይ አይግባ። የአባላት ዝርዝር ከጽሕፈት ቤት አይውጣ። ከደመወዝ ማስቆረጥ ሠራተኛው ራሱ ሲጠይቅ ብቻ ይሁን።

አባልነቱ ድንበር ይሻገር። የኔፓል ማህበራት ኮንፌዴሬሽን ጌፎንት ዜጎቹ በሄዱባቸው አገሮች የድጋፍ ቡድኖች አሉት፤ የስሪ ላንካ ማህበራት በ2009 ከባሕሬን፣ ከዮርዳኖስና ከኩዌት ማህበራት ጋር ስምምነት ተፈራርመዋል። አንድ ሰው ከመሄዱ በፊት በአገሩ አባል ሆኖ ሲደርስ የሚቀበለው ካለ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ወራት ባዶ አይሆኑም።

በመጨረሻ፣ ሲመዘገብ ውክልና ይፈርም። አብዛኛው የደመወዝ ክስ የሚሞተው ሠራተኛው ሲሸነፍ ሳይሆን አውሮፕላን ሲሳፈር ነው። ችሎቱ ከመድረሱ በፊት ፈቃዱ ያልቃል፤ ከሄደ በኋላ ውክልና ለማስፈረም ማረጋገጫና ትርጉም ይጠየቃል፤ የውጭ አገር ሲም ካርዱም ይዘጋል፣ ማንም አያገኘውም። ስለዚህ "ስልክ ቁጥር" የሚለው ሳጥን ሁለት መስመር ይኑረው፤ አንዱ አሁን የያዘው፣ ሁለተኛው አገር ቤት ያለ፣ ቁጥሩን የማይቀይር ሰው።